ስሙን ተዪው፣ ተቀባዩን እዪ

አጎቴ ሲቀላ ሰፈር ባለችው የኮምፒውተር ቤታችን ሁልጊዜ ከግራዬ ቆመው ነበር የሚያርሙኝ። ለጫሞ ሐይቅ ዓሣ ነጋዴዎች ሒሳብ መሥሪያ ፕሮግራም ፓስካል በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ እንጽፍ ነበር። አንዱ ነጋዴ በኪሎ ይሸጣል፣ ሌላው በቁጥር። ስለዚህ «ዋጋ» የሚባሉ ሁለት ፕሮሲጀሮች፣ ማለትም የትእዛዝ ስብስቦች፣ ነበሩን፤ ስማቸው አንድ፣ የሚሠሩበት መንገድ የተለያየ። አንዱን በግራ በኩል ለሚጻፈው ተቀባይ ተለዋዋጭ ልሰጥ ስል ኮምፒውተሩ እምቢ ይለኛል። እሳቸው የስክሪኑን ግራ ጠርዝ በጣታቸው ነካ አድርገው፣ «ስሙን ተዪው ልጄ፣ ተቀባዩን እዪ። የትኛውን እንደሚፈልግ የሚናገረው እሱ ነው» ይሉኛል። የተለዋዋጩን ዓይነት ሳስተካክል እውነትም ይሠራል።

ዕድሩ ድንኳኑን ነቅሎ ሄደ፤ የሰው ሥራ ግን ሐዘን አይጠብቅም። የአጎቴ አርባ ሳይደርስ አንዲት ዓሣ ነጋዴ ሒሳቧ አልሠራ ብሏት መጣች። ተቀባዩን አየሁት፤ ትክክል ነው። ደግሜ አየሁት፤ ምንም ስህተት አላገኘሁበትም። ኮምፒውተሩ ግን ያው እምቢ አለ። ተቀባዩ ትክክል ሆኖም እምቢ ሲል ምን እንደሚደረግ አጎቴ አልነገሩኝም፤ እኔም ጠይቄያቸው አላውቅም። እጄን ከኪቦርዱ ላይ አነሳሁ።

ሴትዮዋ ከኋላዬ ሆና፣ «የኔ እህት፣ ቦታው ሰፊ አይደል? ምነው ቀኝ ጠርዝ ላይ ተቀመጥሽ?» አለችኝ።

ወደ ግራዬ ዞሬ አየሁ። ለካ ለአጎቴ መቆሚያ ትቼላቸው ነበር።