ቀዩ ክብ ሰሌዳ

አባቴ በሥራው ላይ አልተኛም። ይህ ይጻፍልኝ። የጭነት ባቡር ከቆመ ፉርጎ ጋር ሲላተም ምልክት አላሳየህም ተብሎ ተባረረ፤ በእጁም የሰጡት አንድ በፈረንሳይኛ የተጻፈ ወረቀት ብቻ ነበር። እናቴ ለአንድ ማመልከቻ ጸሐፊ ብታሳየው፣ ጥፋተኛ ነው ይላል ብሎ መለሰላት። ከዚያ ወዲህ ወረቀቱን ለማንም አላሳየሁም።

ባለፈው ክረምት ፒያሳ፣ ከፈረሳው ከተረፉት ወርቅ ቤቶች አንዱ ገብቼ ቀለበቴን ላስጠብብ ስል የላምባ ሽታ መታኝ። ወርቅ ሠሪው ትንሽ ናስ እየወለወለ ነበር። አባቴ ጠዋት ጠዋት እሽኮኮ አድርጎኝ፣ በላምባ በራሰ ጨርቅ ቀዩን ክብ ሰሌዳ የምወለውለው ትዝ አለኝ። ቆርቆሮው በፀሐይ ይግል ነበር። አባቴ ማዞሪያውን ሲስበው ሲጢጥ ብሎ ይዞራል፤ ቀዩ ፊቱ ከታየ ባቡሩ ይቆማል፣ በጠርዙ ከዞረ ያልፋል።

ወርቅ ሠሪው በሰፊ ሣጥን ውስጥ ያደግሁበትን ጣቢያ አሳንሶ ሠርቶታል፣ ሐዲዱም ሳይቀር። ምሰሶው ላይ ግን ክብ ሰሌዳ ሳይሆን እንደ ክንድ የሚዘረጋ ምልክት በይዶበታል።

«ይህ ውሸት ነው» አልኩት።

«እማማ፣ ለአሻንጉሊት ፖሊስ ሊጠሩብኝ ነው?» ብሎ ሳቀ።

ስለ ክቡ ስነግረው ሳቁን ተወ። ክቡ መቼ ተነስቶ ክንዱ እንደተተካ ለማወቅ የምድር ባቡሩን የፈረንሳይኛ መዝገቦች እያነበበ ስንት ዓመት እንደፈለገ ነገረኝና ፎቶግራፍ እንዳለኝ ጠየቀኝ። ጠረጠርኩት። ወርቅ የሚሠራ ሰው የዛገ ቆርቆሮ ምን ያደርግለታል? አባቴን ያባረረው አለቃ ዘመድ ቢሆንስ? የማን ልጅ እንደሆነ፣ አባቱ ምን ይሠሩ እንደነበር፣ ፈረንሳይኛ የት እንደተማረ አንድ በአንድ ጠየቅኩት። ሳይሰለች መለሰልኝ። እኔም አፍንጮ በር ቤቴ ገብቼ ሳምንት ሙሉ አሰብኩበት።

ከዚያ ፎቶውን ይዤ ሄድኩ፤ ወረቀቱ ግን ጡቴ ሥር ነበር። ፎቶው በተባረርን በሳምንቱ ቤቱን ስንለቅ የተነሳነው ነው አልኩት። አባቴ እዚያው ክቡ ሰሌዳ ሥር አቁሞናል፤ ፍራሻችንም ጋሪ ላይ ተጭኖ ይታያል። ወርቅ ሠሪው ማጉያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። ከዚያ ፒንሳ አነሳና የበየደውን ክንድ ሰበረው።

የገዛ ሥራውን ውሸት ሆኖ ሲያገኘው የሚሰብር ሰው አይቼ አላውቅም። አባቴ የተባረረበት ነው ብዬ ወረቀቱን አውጥቼ ሰጠሁት፤ አንድም ቃል እንዳይቀንስ አስጠነቀቅኩት። አንዴ አነበበ፣ ደገመው፣ ወደ ፎቶው ተመለሰ።

«ጥፋታቸው የምልክቱን ክንድ አለመዘርጋታቸው ነው ይላል» አለኝ።

«የቱን ክንድ?»

ወረቀቱን በሁለት እጁ መለሰልኝ። «እማማ፣ ያን ጊዜ ክንድ አልነበረም። ይህን የጻፈው ሰው ጣቢያውን ረግጦት አያውቅም።»