ናፍጣ ለምን ሶፋ ላይ ተኛ

የከተማ አውቶቡስ ሹፌሩን ባልደረቦቹ «ናፍጣ» ይሉታል፤ በምሳ ሰዓት መሪው ላይ ተደፍቶ ሲያንኮራፋ ሞተር የተነሣ ይመስላላ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ሲል አልጋ ላይ መሽናት ጀመረ። ሀፍረቱ እንደ እሳት ለበለበው። ለሚስቱ «ወገቤን አሞኛል» ብሎ ሳሎን ሶፋው ላይ ላስቲክ እያነጠፈ ይተኛ ጀመር፤ ውሃ መጠጣትም ከነጭራሹ ተወ። ያም ሆኖ አልቀረለትም፤ ጭራሽ ሽንቱ ጠቁሮ ያቃጥለው ጀመር። ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር እየተናፈቁ ከረሙ።

ሚስቱ ሌላ ሴት የለመደ መሰላት። አንድ ጠዋት ሻንጣዋን በር ላይ አቁማ፣ «ንገረኝና ልሂድልህ፤ ማን ናት?» አለችው።

እሷን ማጣት ከሀፍረቱ ባሰበት። «አልጋ ላይ እየሸናሁ ነው» አላት አቀርቅሮ።

«እኔ ደግሞ የሌለች ሴት ስረግም ከረምኩ!» ብላ ሳቀች፤ ወዲያው አለቀሰች። ሻንጣዋን ወደ ውስጥ መልሳ ባሏን ሐኪም ቤት ወሰደችው።

ሐኪሟ ሽንቱንና ስኳሩን አስመረመረች፤ ደህና ነበር። ወደ ሚስቱ ዞራ፣ «ያንኮራፋል?» አለች።

«ኧረ ጎረቤት ይመስክር! አንዳንዴማ ትንፋሹ ቀጥ ይልና እደነግጣለሁ።»

«በእንቅልፍ ጉሮሮው ሲዘጋ ልቡ ይጨነቃል፤ ኩላሊቱም ሽንት ያበዛል። የሚያቃጥለው ውሃ ስላነሰው ነው፤ ቀን ቀን በደንብ ይጠጣ፤ ወደ ማታ ይቀንስ።»

በእንቅልፍ ምርመራ ሕመሙ ሲረጋገጥ አየር የሚነፋ ጭምብል ታዘዘለት። እየዋለ እያደረ አልጋው ደረቀ። ጭምብሉን ሲያጠልቅ ሚስቱ፣ «አብራሪው፣ በሰላም አድርሰን!» ትለዋለች፤ እሱም ከጎኗ ጋደም ይላል።