«በሞቴ» ያልተባለችው አክስቴ

ልጅ ሳለሁ የጎረቤቶቻችን ልጆች ማታ ማታ የጅብና የጦጣ ተረት ሲሰሙ፣ እኔና ወንድሜ የምንሰማው የኦርኬስትራ ታሪክ ነበር። ያኔ ሆሳዕና ከተማ ውስጥ መብራት ሳይጠፋ ያመሸበት ቀን ብርቅ ነው፤ ድርግም ሲል አክስቴ ታደለች ኩራዟን ትለኩስና የከሰል ምድጃውን ወደ መሐል ስባ፣ በቆሎ እሸቱን ፍሙ ላይ ደርድራ፣ ጭሱ ዓይናችንን እያቃጠለ ጉሮሮዋን ትጠራርጋለች። ወንድሜ ተስፋ አይቆርጥም። «አክስቴ፣ ዛሬ እንኳ ስለ ጅቡ ንገሪን» ይላታል። «ጅብን ማን አያውቀውም?» ትለውና ከዚያው ካረጀ አኮርዲዮኗ ትጀምራለች። እህህ! ስንቴ ሰማሁት!

ታሪኩ እንዲህ ነው። አክስቴ በወጣትነቷ የቀበሌው የኪነት ቡድን ውስጥ አኮርዲዮን ትጫወት ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ቡድኑ ተበተነ፤ መሣሪያዎቹም መጋዘን ውስጥ ተቆለፈባቸው። እሷ ግን አርፋ አልተቀመጠችም፤ ከቢሮ ቢሮ ተመላልሳ፣ ዘበኛውን ለምና፣ ሊቀመንበሩን አሰልችታ መጋዘኑን አስከፈተች። ከዚያ ከወፍጮ ቤት ክላርኔት የሚነፋ፣ ከገበያ ቫዮሊን የሚችል ባለሱቅ፣ ከቤተ ክርስቲያን መዘምራን ደግሞ ጡሩምባና ከበሮ የለመዱትን ለቃቅማ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ታለማምዳቸው ጀመር። እቤቱ ሃዲይኛ የሚያወራው፣ ከምባትኛ የሚያወራው፣ ጉራግኛ የሚያወራው በአማርኛ እየተበሻሸቀ አብሮ ይጫወታል። እዚህ ላይ ስትደርስ ፊቷ በፍሙ ብርሃን ይቀላል፣ ጣቶቿም ቀሚሷ ላይ የሌለ አኮርዲዮን ይነካካሉ። ያኔ እኔም ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም። የሚያናድደኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

ኦርኬስትራው ጠንከር ሲል መሪ ይመረጥለት ተባለ። ስብሰባውን የመሩት ከዳምቦያ እየተመላለሱ የሚያስተምሩ መምህር ነበሩ፤ ከመናኸሪያ የምትነሣው የመጨረሻዋ የዳምቦያ መኪና እንዳታመልጣቸው ገና ከመቀመጣቸው ሰዓታቸውን ያያሉ። አንዱ ተነሣና «ታደለች ትምራን» አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። ሌላ ማን ሊሆን ኖሯል?

አክስቴ ታዲያ ምን አለች? «ኧረ እኔ ማን ነኝ!»

በእኛ አካባቢ ሹመት ሲሰጡህ ወዲያው እሺ ማለት ነውር ነው። ማዕድ የቀረበለት እንግዳ እንኳ «በሞቴ» ሳይባል እጁን አይዘረጋም። መጀመሪያ «እኔ ማን ነኝ» ትላለህ፣ «በሞቴ» ትባላለህ። ቀጥሎ «ከእኔ የሚሻሉ ሞልተዋል» ትላለህ፣ አሁንም «በሞቴ»። በሦስተኛው አንገትህን ደፍተህ ዝም ትላለህ፣ ዝምታህም እሺ ነው። ይህን ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። መምህሩም ያውቁታል! ግን መኪናዋ! «እንግዲህ እምቢ ብላለች፤ ሌላ ጥቆማ» ብለው አለፉት።

ሰው ሁሉ ክው አለ፤ ግን መምህርን ደፍሮ የሚያርም ጠፋ። አክስቴ «በሞቴ» እስክትባል አንገቷን ደፍታ ትጠብቃለች። በመሐል ጋሽ ሎምቤቦ ተጠቆሙ። ትልቁን ከበሮ የሚመቱ፣ ደግ፣ ጸሎተኛ ሰው ናቸው፤ እሷ ላይ የደረሰውን ስላዩ ግን ደንቡን ወደ ጎን ትተው «እሺ» አሉ። አለቀ። መምህሩ መኪናቸውን ሮጠው ያዙ፣ ኦርኬስትራው ደግሞ ጋሽ ሎምቤቦን ያዘ።

እሳቸው ደግሞ ችኮላ የሚባል ነገር አያውቁም። ሰርግ ላይ ሙሽሮች ሲገቡ ዜማውን እንዲህ ያዘግሙታል፣ ከበር እስከ ወንበር ለመድረስ ሚዜዎቹ እግራቸው ይዝላል። አፍጥኑት የሚላቸው የለም፤ ትልቅ ሰው እንዴት ተብሎ!

«ለምን እሺ አላልሽም?» እላት ነበር በቆሎዬን ወርውሬ።

«አንቺ ልጅ፣ ሰው ምን ይለኛል?»

«ታዲያ ሰው ምን አለሽ?»

«ምንም» ትላለች ፍሙን እየቆሰቆሰች። «ምንም አላለኝም እኮ።»

ይህ ሳያንስ ሁለተኛ ክፍል አለው። ከዓመታት በኋላ ጋሽ ሎምቤቦ ራሳቸው ተነሥተው «ደክሞኛል፣ ልውረድ» አሉ። የስንቱ ልብ በደስታ ዘለለ! ግን ሰው «ልሂድ» ሲል ዝም አይባልማ፤ «በሞቴ ጋሽዬ፣ በሞቴ» እየተባለ ተለመኑ፤ በሦስተኛው አንገታቸውን ደፉ፣ ቀሩም። ከሁሉ ቀድማ የለመነቻቸው ማን መሰለቻችሁ? አክስቴ! ይህንን ስትነግረን ወንድሜ እንኳ ጅቡን ረስቶ ራሱን ይይዛል። እኔ ግን ያኔ ኩራዙ ፊት ማልኩ፤ አድጌ አንድ ነገር ምሪ ብባል፣ ጥያቄው ሳያልቅ እሺ እላለሁ ብዬ።

አደግሁ። እዚያው ትምህርት ቤት መምህርት ሆንኩ፤ ክላርኔት ተምሬም ኦርኬስትራው ውስጥ ገባሁ። የደረስኩት ግን ለትርፍራፊው ነው። ባለቫዮሊኑ አዲስ አበባ ሄዷል፣ ወጣቶቹ ሙዚቃ በስልካቸው ይበቃቸዋል፣ አክስቴ ራሷ አኮርዲዮኗን በብርድ ልብስ ጠቅልላ አልጋዋ ሥር ከከተተች ቆይታለች። አምና ጋሽ ሎምቤቦ ዱራሜ ልጃቸው ዘንድ ሲገቡ ስብሰባ ተጠራ፤ ዛሬ መሪ ካልተገኘ መሣሪያዎቹ ተመልሰው መጋዘን ይገባሉ፣ ኦርኬስትራውም በቃው ተባለ። አክስቴ ከዘራዋን ይዛ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሰብሳቢያችን ጡሩምባ ነፊው ነው፤ ውጭ የኮንትራት ባጃጅ አቁሞ መጥቷል፣ ባጃጁም ክላክሱን ያምባርቃል።

«ሳራ ትምራን» አለ አንዱ። ሳራ እኔ ነኝ።

ስንት ዓመት የተዘጋጀሁበት ቀን! አፌን ከፈትኩ። «ኧረ እኔ ማን ነኝ!»

በስመ አብ! ቃሉን ለመመለስ ብሞክር ምላሴ እምቢ አለኝ፤ አሁን ተገልብጬ እሺ ብል ሰው ምን ይለኛል? ሰብሳቢው ሰዓቱን አየ። የፈጣሪ ያለህ፣ ሰዓቱን አየ! «እንግዲህ ሳራም እምቢ ካለች…» ማለት ሲጀምር የኋላው ወለል በከዘራ ተመታ።

«በሞቴ!» አለች አክስቴ። ከተቀመጠችበት ተነሥታለች። «በሞቴ! አሁንም በሞቴ! ይኸው ሦስቱንም ጨረስኩላችሁ። አንቺ ቂል፣ አንገትሽን ድፊ!»

ደፋሁ። አዳራሹ አጨበጨበ፤ ሰብሳቢያችንም ወደ ባጃጁ ሮጠ።

ስለ ጅቡ እስከ ዛሬ የማውቀው ነገር የለም። ከነዚያ ማታዎች የቀረኝ የበቆሎው ሽታና ንዴቱ ነው፤ ንዴቱ ያልጠቀመኝ መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያው ቅዳሜ አኮርዲዮኑን ከአልጋዋ ሥር አውጥቼ ይዤው ሄድኩና አዳራሹ ውስጥ ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት።

«ኧረ እኔ አሁን ምን እችላለሁ? ጣቴ ደርቋል» አለች።

ደሜ ፈላ። ውጭ ባጃጁ ያምባርቃል፣ ጡሩምባ ነፊያችን ሰዓቱን ያያል። በዓይኔ ገሠጽኩትና ወንበር ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«በሞቴ» አልኳት።

«ከእኔ የሚሻሉ ልጆች አሉ።»

«በሞቴ።»

ሦስተኛውን «በሞቴ» ጨመርኩላት። አንገቷን ደፋች፤ የአኮርዲዮኑንም ማንገቻ ትከሻዋ ላይ አጠለቀች።