ዓሣ የማትበላዋ አክስቴና መርከበኛው ወንድሟ

ዛሬ ጠዋት አራት ኪሎ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ስልኬ ጠራ። የአክስቴ ጎረቤት ናት። «እታለም አረፈች» አለችኝ። «የቷ እታለም?» አልኳት፤ ሌላ እታለም ያለችኝ ይመስል።

ትናንት ማታ እኮ ደውላልኝ ነበር። «ስትመጪ ሽንኩርት ይዘሽልኝ ነይ፤ የዚህ ሰፈር ነጋዴ ዓይን ያወጣ ሌባ ነው» ብላኝ ነው የዘጋችው። ነገ ሽንኩርት የምትፈልግ ሴት እንዴት ዛሬ ትሞታለች? እስካሁን አልገባኝም።

ለማታውቋት፦ እታለም የአባቴ እህት ናት። አባቴ ከሞተ በኋላ አፍንጮ በር ያሳደገችኝ እሷ ናት። በጾም ዓሣ ሲቀርብ ሽሮዋን ወደ ራሷ ሳብ ታደርግ ነበር። «እታለም ከቄሱም በላይ ጾመኛ ናት» እያልን እንቀልድባታለን።

ታናሽ ወንድሟ፣ አጎቴ ንጉሤ፣ የንግድ መርከብ ላይ ይሠራ ነበር። እናታቸው ቶሎ ስለሞተች አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። በደርግ ጊዜ ከአሰብ ተነሥቶ ሄደ። መርከቡ ተመለሰ፤ እሱ አልተመለሰም። አለቆቹ «እያጣራን ነው» አሉ። ጓደኞቹ ሲጠየቁ መሬት መሬት አዩ፤ አንዱ ብቻ «ማዕበል ነበር» ብሎ ሹልክ አለ።

ዘመድ ሊያጽናናት በመጣ ቁጥር እታለም የምትለው አንድ ነገር ነበራት፦ «አጽናኝ ሞልቶኛል፤ ጠያቂ ነው ያጣሁት።»

ስለዚህ እኔ ጠያቂ ሆንኩ። ያልሄድኩበት ቢሮ የለም። አንዱ ጋ «ፋይሉ አሰብ ቀርቷል»፣ ሌላው ጋ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ ሌላው ጋ «ሲስተም የለም»። ብዙ ተመላልሼ ያገኘሁት የመርከቡን ስምና በዚያ ጉዞው መጨረሻ የቆመበትን የውጭ አገር ወደብ ብቻ ነው። ለዚያ ወደብ መዝገብ ቤት በኢሜይል ጻፍኩ። «እንዲህ የሚባል ሰው የለም» አሉኝ። ደግሜ ጻፍኩ። የለም።

የገባኝ ፓስፖርቴን ላሳድስ ቅጽ ስሞላ ነው። እኛ ሰውን የምንፈልገው በራሱ ስም ነው፤ እነሱ በመጨረሻው ስም። አጎቴ ለካ መርከብ ቀርቶ ጀልባ አይቶ በማያውቀው አያቱ ስም ሥር ተቀምጦ ኖሯል! የአያቱን ስም አስቀድሜ እንደገና ጻፍኩላቸው።

መልሱ ወዲያው መጣ፤ የመርከቡ ሠራተኞች ዝርዝር ፎቶ። ንጉሤ፣ የሞተር ክፍል ሠራተኛ። ከስሙ ጎን፦ ወደቡ ላይ ወርዶ ቀርቷል፣ መርከቡ ያለ እሱ ሄዷል። ማዕበል የሚባል ነገር የለም። ጓደኞቹ የዋሹት ቤተሰቡን ለማዳን ይመስለኛል፤ ያኔ ልጁ የኮበለለበት ቤት ሰላም አያድርም ነበር።

ምን ብዬ ልንገራት? የእድሩን ዳኛ ጋሽ ታደሰን አማከርኳቸው። ፒያሳ አንድ ካፌ ቁጭ ብለን ማኪያቷቸውን እያማሰሉ «ልጄ፣ ሞቷል በያት» አሉኝ። «ድንኳን እንጣልላት፣ ታልቅስ፣ ይውጣላት። በዚህ ዕድሜዋ ትቶሽ ሄደ ይባላል እንዴ?»

ለእሷ አስበው ነው፤ አልፈርድባቸውም። እኔም ልዋሻት ቃጥቶኝ ነበር። ግን ስንት ዓመት ጠይቂልኝ ያለችኝን ሴት መልሼ ላጽናናት አልሆነልኝም። ሄጄ ያለውን ነገርኳት። ምስር እየለቀመች ነበር።

«ወረደ?»

«አዎ።»

«በእግሩ?»

«በእግሩ፣ እታለም።»

ምስሯን መልቀም አላቆመችም። «እኔ እኮ» አለች፣ «እሱን የበላ ዓሣ እንዳልበላ ብዬ ነው እስከዛሬ የተውኩት።»

እኔ አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም።

በዚያው ሳምንት ዓርብ፣ አትክልት ተራ አካባቢ ያለ ዓሣ ቤት ውሰጂኝ አለች። ሥጋውን ከአጥንቱ እየለየች ትጎርስና «ያ ባለጌ!» ትላለች። ደግማ ትጎርሳለች። «አንድ መስመር መጻፍ አቅቶት!» አስተናጋጁ ደንግጦ መጣ። «እናቴ፣ ምግቡ ጥሩ አይደለም እንዴ?» «ምግቡማ ጥሩ ነው፤ ወንድሜ ነው እንጂ» አለችው። ሁለተኛ ሳህን አዘዘች።

ከዚያ ወደብ ወዲያ ዱካው ጠፋ። ጻፍኩ፣ ጠየቅኩ፣ የመለሰልኝ የለም። በመጨረሻ እሷው «ተይው፣ ደክሞሻል። ካለም ሸምግሏል» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ደክሞኝ ነበር። ዛሬም ደክሞኛል። ይህን የምጽፈው ግቢዋ ውስጥ ጥግ ይዤ ነው፤ ድንኳን እየተተከለ ነው፣ ሰው እየመጣ ነው።

አሁን ጋሽ ታደሰ መጥተው «ለዘመድ ሁሉ ተነግሯል?» ብለው ጠየቁኝ። ከአንድ ሰው በቀር ለሁሉም ተነግሯል።

እታለም፣ ዕድሜሽን ሙሉ የእሱን መርዶ ስትፈሪ ኖርሽ። ዛሬ መርዶው ያንቺ ሆነ፤ የምንነግረው ወንድምሽ ግን የት እንዳለ አናውቅም።

ይህን የምታነቡ፣ በሰው አገር ንጉሤ የሚባል፣ ድሮ መርከብ ላይ ይሠራ የነበረ የአፍንጮ በር ሰው የምታውቁ ካላችሁ፣ እባካችሁ በስልክ እንዳትነግሩት። ሁለት ሦስት ሆናችሁ በማለዳ ሂዱ፣ አጠገቡ ተቀመጡ፣ ቀስ ብላችሁ ንገሩት።

ደህና ሁኚ፣ እታለም። እንደሰደብሽውም ይንገሩት፤ እንዲያ አድርጎ የሚሰድበው ሰው ከእንግዲህ የለውም።