የተዘቀዘቀው ካርታ

አስጎብኚነት የጀመርኩት ደባርቅ ላይ ነው፤ ደርግ ወድቆ መንገዱ ከተከፈተ ብዙም ሳይቆይ። የመጀመሪያዋን የሥራ ቀኔን ዛሬም አልረሳትም፤ ምክንያቱም ያን ቀን ዋሽቻለሁ።

አለቃችን አቶ ባየ ይባላሉ። ለአስጎብኚው፣ ለበቅሎ ጫኚው፣ ለምግብ አብሳዩና ጠመንጃ ይዞ ለሚከተለው ስካውት ተራ የሚያወጡት እሳቸው ነበሩ። ያን ጠዋት ጫማዬን ገልብጠው አዩ፣ ኮዳዬን አንሥተው መዘኑ፣ ከዚያም ሦስት ነገር ነገሩኝ። «ከእንግዳ ቀድመህ አትብላ። ከበቅሎ ኋላ አትቁም። እንግዳው ካርታ ከዘረጋ ደግሞ ራስህን ነቅነቅ አድርግና ወደ ፊት ሂድ።» የሦስተኛውን ምክንያት አልጠየቅኩም።

ቀትር ላይ እንግዳዬ፣ ጢሙን ያሳደገ ረጅም ፈረንጅ፣ ካርታውን ድንጋይ ላይ ዘርግቶ «አሁን የት ነን?» አለኝ። የቆምንበትን ቦታ እንደ እናቴ ጓዳ አውቀዋለሁ፤ የትኛው ምንጭ በየትኛው ወር እንደሚደርቅ፣ በየት በኩል በቅሎ እንደማትወርድ ጠንቅቄ እናገራለሁ። ወረቀቱ ግን ለእኔ የተወሳሰበ ክር ነበር። ራሴን ነቀነቅኩ። ሰውዬው አልተንቀሳቀሰም። ስለዚህ ጣቴን አንድ ቦታ ላይ አሳረፍኩ። ጣቴን አየ፣ እኔን አየ፣ ካርታውን አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተና ከዚያ ወዲያ ምንም አልጠየቀኝም። ጣቴ ያረፈው ካርታው የታተመበት ዓመት ከተጻፈበት ጥግ ላይ እንደነበር የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

እንዲህ እያልኩ አሥራ አምስት ዓመት ያህል ሠራሁ። ጥሩ አስጎብኚ ነበርኩ፤ ይህን ስል አላፍርም። ጉም ውስጥ ሰው ጠፍቶብኝ አያውቅም። ካርታ በተዘረጋ ቁጥር ግን ወይ የበቅሎዋን መጫኛ አጠብቃለሁ፣ ወይ ዐይኔ ውስጥ አቧራ ይገባል። የስሜን ተራራ አቧራ ያን ያህል ተንኮለኛ መሆኑን የሚያውቅ ከእኔ በቀር ያለ አይመስለኝም።

አንድ ቀን አቶ ባየ ቢሮ አስጠሩኝ። ሞባይል ከከተማው ወጣ ሲሉ ድምፁ በሚጠፋበት ዘመን ነው። «ኦሪየንቲሪንግ የሚባል ነገር መጥቷል» አሉ፤ ቃሉ ላይ ሁለት ጊዜ ተደናቀፉ። «ካርታና ኮምፓስ ይዞ መሮጥ ነው። በየዱሩና በየሸንተረሩ ጨርቅ ይሰቀላል። ሯጩ በካርታ ይፈልገዋል፣ ከጨርቁ ጋር በታሰረው መብሻ ካርዱን ይበሳል፣ ወደሚቀጥለው ይሮጣል።»

«ደግ ነው» አልኩ።

«ከጎንደር፣ ከዳባትና ከእኛው ከተማ የተሰባሰቡ አማተር ሯጮች አንድ ሳምንት ይሠለጥናሉ። አንተም ትገባለህ። ከእንግዲህ ካርታ ማንበቡን ያላስመሰከረ አስጎብኚ ተራራ አይወጣም። በር ላይ ተቀምጦ ቲኬት ይቆርጣል።»

የቲኬቷን ቤት ሁላችንም እናውቃታለን። ቆርቆሮ ናት፤ መስኮቷ ክንድ ታሳልፋለች እንጂ ራስ አታሳልፍም። እዚያ የሚቀመጥ ሰው ወደ ተራራው የሚሄዱትን ያያል፣ ሲመለሱም ያያል። ፈራሁ። ገደል አፋፍ ላይ ቆሜ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

አሠልጣኛችን የዳባት የስፖርት መምህርት ነበረች፤ ሰርካለም ትባላለች። አጭር ናት፤ ፉጨቷ ግን ሸንተረር ይሻገራል። ሰልጣኞቹ ስምንት ነን፦ መምህራን፣ ነጋዴዎች፣ አንድ የባንክ ሠራተኛ፣ አንዲት ነርስና እኔ። ሰኞ ሩጫ ብቻ ስለነበር ደስ ብሎኝ ዋልኩ። ከገብስ ማሳው ሥር ተነሥተን አቀበቱን ስንወጣ ሁሉንም ጥዬአቸው ሄድኩ። የባንክ ሠራተኛው መሐል ላይ ቁጭ ብሎ «ጋሼ ጌታሁን፣ ሳንባዬን ጎንደር ረስቼው መጣሁ መሰለኝ» አለኝ። እጁን ይዤ አወጣሁት። ሲመሽ መምህርቷ «የነገው ከእግር ይልቅ ጭንቅላት ይፈልጋል» አለች።

ማክሰኞ ጥንድ ጥንድ አድርጋ ስታሰማራን ከነርሷ ጋር ደረሰኝ። ዘሀራ ትባላለች፤ የዳባት ነጋዴ ልጅ ናት፤ ጤና ጣቢያ ነው የምትሠራው። ካርታውን ተቀበልኩና ግንባሬን ቋጥሬ ካየሁት በኋላ «በዚህ በኩል» ብዬ ተነሣሁ። መምህርቷ ስትናገር «ከተሰነጠቀው ቋጥኝ ሥር» ማለቷን ሰምቼ ነበር። በዚያ አካባቢ የተሰነጠቀ ቋጥኝ አንድ ብቻ ነው። በአቋራጭ ወስጄ ከጨርቁ ፊት አቆምኳት።

ዘሀራ ካርዷን በሳች። ከዚያ እጄ ላይ ያለውን ካርታ አየች።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልበልህ?»

«በይ።»

«ካርታውን ዘቅዝቀህ ነው የያዝከው።»

«እኔ ከላይ ወደ ታች ነው የማየው» አልኳት።

አልሳቀችም። ብትስቅ ኖሮ አምልጬ ነበር። «ካርታ ማንበብ አትችልም ማለት ነው?» አለችኝ፤ በሽተኛን የት ላይ ነው የሚያምህ ብላ በምትጠይቅበት ድምፅ። አሥራ አምስት ዓመት ያልወጣኝ ቃል ድንገት ወጣ። «አልችልም።» ስለ ቲኬቷ ቤትም ነገርኳት።

«በል አትጨነቅ። የታካሚ ምስጢር አይወጣም።»

ረቡዕና ሐሙስ፣ ሌሎቹ ሲያርፉ እኛ ሻይ ቤት ጥግ ተቀመጥን። ዘሀራ ጡጫዋን ጨብጣ በእስክሪብቶ ጎላ ያለውን የጣቷን አንጓ በክብ መስመር ከበበችው፤ ከሥሩ ሰፋ ያለ ክብ፣ ከሥሩ ደግሞ ሌላ። «ይህ ተራራ ነው። አንዱ መስመር ባለፈበት ሁሉ ከፍታው እኩል ነው። አሁን እየኝ» ብላ እጇን ዘረጋች። ተራራው ጠፋ፤ መስመሮቹ ግን እጇ ጀርባ ላይ ተኝተው ቀሩ። «መስመር ከመስመር ከተጠጋጋ ገደል፣ ከተራራቀ ሜዳ።»

ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። ያ ሁሉ ክር ያገሬ ገደል ነበር። በእግሬ የማውቀው አቀበት ሁሉ እዚያ ወረቀት ላይ ተኝቶ ሲጠብቀኝ ኖሯል። ደስም አለኝ፣ ተናደድኩም።

ዓርብ ብቻዬን ተሰማራሁ። ከአራት ጨርቅ ሦስቱን አገኘሁ። አራተኛውን ስፈልግ የገባሁት የሰው ሽንኩርት ማሳ ውስጥ ነው፤ ባለቤቷ «ደግሞ አንተ ትጠፋ ጀመር?» ብላ ስቃብኝ ስታበቃ ሸኘችኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለማግሥቱ ፈተና መምህርቷ ራሷ ስምንት ጨርቅ ሰቅላ ተመለሰች። ብርቱካንማና ነጭ ሆነው እያንዳንዳቸው ቁጥርና መብሻ አላቸው፤ የተሰቀሉበት ቦታም በየካርታችን ላይ በዚያው ቁጥር ተመልክቷል። ቦታው ከደባርቅ ወደ ዳባት በኩል ያለች የገጠር ማርያም ዙሪያ ነው። «ለመንደሩ ሰው እንንገር ይሆን?» ብላ ጠየቀችን።

ቀድሜ መልስ የሰጠሁት እኔ ነኝ። «አያስፈልግም። የእኛ ሰው የሰው ዕቃ አይነካም። ብትነግሪያቸው ነው ለወሬ የሚሰበሰቡት።» በአገሬ ሰው ኮርቼ ነበር የተናገርኩት።

እሑድ፣ ከቅዳሴ መውጫ በኋላ፣ በየተራ ለቀቀችን። እኔ መጨረሻ ነበርኩ። ካርታውን ቀና አድርጌ ይዣለሁ። አንደኛው ጨርቅ ከምንጩ በላይ፣ ከኮሶው ዛፍ ላይ መሆን አለበት። ደረስኩ። ምንም የለም።

ያ የድሮ ሀፍረት ሽቅብ መጣብኝ። ተሳስቻለሁ አልኩ። ወደ ሁለተኛው ሄድኩ፤ እዚያም የለም። ከሸንተረሩ ማዶ ዘሀራና የባንክ ሠራተኛው ወዲያ ወዲህ ሲሉ ይታዩኛል። ተቀምጬ ካርታውን እንደገና አየሁ። ጅረቱ ይኸው፣ መታጠፊያው ይኸው፣ ገደሉ ይኸው። እግሬም ካርታውም እዚህ ነው ይላሉ። ቀና ስል ከበላዬ ካለው የዛፍ ቅርንጫፍ ላይ የተፈታ ሲባጎ ተንጠልጥሏል። ጨርቁ ነበረ፤ ተወስዷል።

ማን ወሰደው? ቀኑ እሑድ ነው። ሰው በየአቅጣጫው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ አድሮ የተንጠለጠለ አዲስ ጨርቅ ቢያይ ምን ያደርጋል? የእኛ ሰው የሰው ዕቃ አይነካም ማለቴ ልክ አልነበረም። የጠፋ ዕቃ ካገኘ አንሥቶ ለቤተ ክርስቲያን ያስረክባል፤ ከቅዳሴ በኋላም «የጠፋባችሁ» ተብሎ ይነገራል። ይህን ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ ለመምህርቷ መንገር ሲገባኝ ግን ኩራቴ ቀደመኝ። ወደ ማርያም ሮጥኩ።

ስምንቱም አጥሩ ላይ ተደርድረዋል። ሕዝቡ ገና አልተበተነም። የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቁት ቄሰ ገበዝ፣ ነጭ ጢማም ሽማግሌ፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ከጨርቆቹ ፊት ቆመዋል።

«አባቴ፣ የእኛ ናቸው» አልኩ እያለከለክሁ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ ባለቤት ተገኘ» አሉ። «በል ምልክቱን ተናገር።»

«ብርቱካንማና ነጭ፣ ቁጥርና መብሻ ያላቸው።»

«እርሱንማ ዐይን ያለው ሁሉ ያየዋል። የጠፋ ዕቃ በምልክቱ ነው የሚመለስ። የት የት ነው የጣልኸው? ያገኙት እዚሁ አሉ፤ አንድ በአንድ ተናገር፤ እውነትህን እንደሆን ይመሰክሩልሃል።»

የሰቀለችው መምህርቷ ናት፤ እኔ የማውቀው የለም። ያለኝ ካርታው ብቻ ነው። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ድንጋይ ላይ ዘረጋሁት።

«አንደኛው ከምንጩ በላይ፣ ከኮሶው ላይ።»

«እውነቱን ነው» አለ አንድ ጎልማሳ። ቄሰ ገበዙ አንዱን ጨርቅ አንሥተው ሰጡኝ።

«ሁለተኛው ከጅረቱ መታጠፊያ።» «እውነት።» «ሦስተኛው ከገብሱ ማሳ ራስ፣ መስመሩ... መሬቱ ማዘቅዘቅ ሲጀምር።» «የእኔው ማሳ ነው፤ እውነት» አለች አንዲት ባልቴት። አራተኛውም አለፈ። መምህርት ሰርካለም ባዶ ካርድ ይዘው የተመለሱትን ሰልጣኞች አስከትላ በሩ ላይ እንደደረሰች አየሁ። ልታፏጭ የነበረውን ትታ ቆመች።

«አምስተኛው ከወንዙ ማዶ፣ ከቋጥኙ ሥር።»

«ሐሰት!» አለ አንድ ረጅም ሰው። «ከወንዙ ወዲህ ነው።»

ቄሰ ገበዙ ሊያነሡት የነበረውን ጨርቅ ተዉት። የድሮው ጌታሁን ራሱን ነቅንቆ «ልክ ነህ» ባለ ነበር። ጎንበስ ብዬ ወንዙን በጣቴ ተከተልኩት። «ማዶ ነው» አልኩ። «ወንድሜ፣ ይቅርታ አድርግልኝ፤ ማዶ ነው።»

ከኋላው ሚስቱ ብቅ አለች። «አንተ ሰው፣ ከማዶ አንሥቼ ወዲህ ስሻገር አይደል የሰጠሁህ? ያገኘኸው አንተ ነህ እንዴ?»

ሕዝቡ ሳቀ፤ ሰውዬውም ሳቀ። የቀሩት ሦስቱ ሳይከራከሩ ተሰጡኝ። ስምንተኛውን ሲያስረክቡኝ ቄሰ ገበዙ «ልጄ፣ ሁለተኛ ስትሰቅሉ ንገሩን፤ እኛ ራሳችን እንጠብቅላችኋለን» አሉኝ። መምህርቷን ይቅርታ የጠየቅኋት እዚያው ነው። ዘሀራ ጡጫዋን ጨብጣ ከሩቅ አሳየችኝ።

በካርዴ ላይ አንድም ቀዳዳ አልነበረም። መምህርት ሰርካለም ተቀብላኝ ጀርባው ላይ «ስምንቱንም በምስክር ፊት አንብቧል» ብላ ጽፋ ፈረመችበት።

ሰኞ ካርዱን ለአቶ ባየ ወሰድኩ። ፊቱን አዩ፣ ጀርባውን አነበቡ። «ነገ ሦስት እንግዶች ይዘህ ትወጣለህ» አሉኝ። ደስታዬን የምሸሽግበት ጠፋኝ። ልወጣ ስል «ቆይ እስቲ» ብለው ተነሡና በሩን ዘጉ። ከመሳቢያቸው አንድ ካርታ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት፤ እጥፋቱ ገና አዲስ ነው።

«በል እንግዲህ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «ይህ ክብ ክብ መስመር ምንድን ነው?»

ካርታውን ዘቅዝቀውት ነበር። ቀስ ብዬ አቀናሁላቸውና እስክሪብቶ ጠየቅኋቸው።

ከዚያ በኋላ ጉልበቴ እምቢ እስኪለኝ ድረስ ተራራ ወጣሁ። ሥራው ያስተማረኝ ይህን ነው፦ ጨርቅ ከመስቀልህ በፊት ለመንደሩ ንገር፤ የማታውቀውን ሲጠይቁህ አላውቅም በል። ሁለተኛውን ለመናገር አሥራ አምስት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ አቶ ባየ ደግሞ ከእኔም በላይ ዘግይተዋል።