ኳሱን የያዘ ይናገራል

ከመቱ ከተማ የወጣሁ ዕለት አውቶቡሱ የሚነሳው ገና ጎህ ሳይቀድ ነበር። ልጆቼ ግን ቀድመውኝ መናኸሪያ ደርሰዋል። ልጆቼ ስል የወለድኳቸውን ሳይሆን እግር ኳስ የማሰለጥናቸውን ሴቶች ልጆች ነው። እኛ ዘንድ ኳስ ሰበብ ነበር፤ ከልምምድ በኋላ ሣሩ ላይ ክብ ሠርተን እንቀመጣለን፣ ኳሱን የያዘች ብቻ ትናገራለች፣ ሌላው ያዳምጣል። ቤታቸው «ዝም በይ» እየተባሉ ያደጉ ልጆች «አልፈልግም» ማለትን የተማሩት እዚያ ነው። ታዲያ ያን ጠዋት በመስኮቱ ሥር ተደርድረው፣ «እንዲሄዱ አንፈልግም፣ እትዬ» አሉኝ። ጥሩ አድርጌ አስተምሬያቸዋለሁ፤ ምን ልበል? ባሌ ጀርመን አገር ሥራ ይዞ ይጠብቀኛል። ሄድኩ።

እዚህ ዝናቡ እንኳ እንደ ኢሉባቦር አይደለም። የእኛው ዘንቦ ዘንቦ ይወጣለታል፤ የዚህኛው ቀኑን ሙሉ ሲያጉረመርም ይውላል። ልጆቼ ቢናፍቁኝ የሰፈሩን የስፖርት ክበብ፣ «ፌራይን» የሚሉትን፣ ጠይቄ ሄድኩ። ኃላፊው ኸር ኬለር፣ አቶ ኬለር እንደማለት ነው፣ በትሕትና አስቀመጡኝ።

«የአሰልጣኝነት ፈቃድ አለዎት?»

«የለኝም። ግን ልጆች ለዓመታት አሰልጥኛለሁ።»

«በጣም ጥሩ። ኬክ መቁረጥ ይችላሉ?»

የቡና አገር ልጅ፣ ለወላጆች ኬክና ቀጭን የማሽን ቡና ማደል ጀመርኩ።

አንድ ቅዳሜ የሕፃናቱ ቡድን ሲሸነፍ ሁለት አባቶች በዳኛው ሰበብ ተያያዙ። አንዲት ሕፃን ማልቀስ ጀመረች። አላስቻለኝም፤ ሽርጤን እንደታጠቅሁ ገብቼ ኳሱን አነሳሁና በሰባራ ጀርመንኛዬ፣ «ተቀመጡ። ኳስ የያዘ ብቻ ነው የሚናገር» ብዬ ለአንደኛው ሰጠሁት። የሚገርመው፣ ተቀመጡ። እዚያ መቱ ከተማ አንዲት ልጅ አፏን እስክትከፍት ሳምንታት ይፈጅብኝ ነበር፤ ሰውዬው ግን ኳሱን አቅፎ ስለ ዳኛው፣ ስለ አለቃው፣ ስለ አማቱ ሁሉ አወራ፤ ቢለመንም አልለቅም አለ። ልጆቹ ሳቁ። ከእሱ ጋር የተጣላው አባትም ሳቀ። ጠቡ በዚያው ቀረ።

ኸር ኬለር እጄን ጨበጡ። «ይህን የት ተማሩት?»

«መቱ።»

«ጥሩ ተቋም መሆን አለበት። የምስክር ወረቀት ይሰጣሉ?»

«ከተማ ነው» አልኳቸው። አዘኑልኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜም ኬክ ቆረጥኩ።

እሑድ ለቻልቱ ደወልኩ። ቻልቱ ከልጆቼ አንዷ ነበረች፤ አሁን በእኔ ቦታ የምታሰለጥነው እሷ ናት።

«አካም ጅርቱ፣ እትዬ? ራሕማ እኮ ወደ ትምህርቷ ተመለሰች።»

ራሕማ ከዳሪሙ ወረዳ የመጣች ተከላካያችን ናት። አባቷ ከትምህርት አስወጥተው ሊድሯት ነው ሲባል ሰምቼ እንቅልፍ አጥቼ ነበር የሰነበትኩት።

«አባቷን ማን አነጋገራቸው?»

«ራሷ ናት። እኛ ደጅ ተቀምጠን ጠበቅናት።»

«ምን አለቻቸው?»

«ይቅርታ እትዬ፣ ልጆቹ ሜዳ ላይ እየጠበቁኝ ነው፤ ሌላ ቀን አወራዎታለሁ» ብላ ቻልቱ ስልኩን ዘጋችው።

ድሮ እንዲህ ብዬ በሰው ጆሮ ላይ የምዘጋው እኔ ነበርኩ።