ክዳን ያልነበረው በርሜል

ባለፈው ሳምንት ቡታጅራ ውስጥ መኪና በሚታጠብበት አንድ ግቢ ደጅ ሳልፍ የሳሙናው አረፋ አስፋልቱ ዳር ድረስ ወጥቶ አየሁ። ሌላ ሰው ዘሎት ያልፋል። እኔ ግን ቆም አልኩና ነጭ የለበሰ ሰው በአካባቢው ይኖር እንደሆነ መቃኘት ጀመርኩ። በዚህ ዕድሜዬም አረፋ ሳይ ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ይግላል።

ያኔ ጉብሬ አጠገብ ያለው ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ እማር ነበር። የመመረቂያ ሥራዬ ግራፋይት ላይ ነበር፤ እርሳስ ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ማለት ነው። ግራፋይት እንደ እንሰት ግንድ ሽፋን በሽፋን ላይ የተደራረበ ነው። ዱቄቱን ሳሙና ባለበት ውሃ በጥብጠው በጁስ መፍጫ ሲመቱት ሽፋኖቹ እየተንሸራተቱ ይለያያሉ። ሳሙናው ደግሞ ተመልሰው እንዳይጣበቁ ያደርጋል። የሚገኘው ቅጠል ከስስነቱ የተነሳ በዓይን አይታይም። እሱን ከቀለም ጋር ቀላቅዬ የቀባሁት ቁራጭ ላሜራ ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ላይ ከርሞ አልዛገም።

አባቴ ይህን ሲሰማ እንቅልፍ አጣ። ቡታጅራ ውስጥ የብረት በርና መስኮት የሚበይድ ሰው ነው፤ የዚያን ዓመት ሥራ ቀዝቅዞበት ነበር። ቀለምና ቆርቆሮ የሚሸጡት ጎረቤታችን ሐጂ ሸምሱ፣ በብርጭቆ ሳይሆን በበርሜል ሲሠራ ካዩ ኢንሻአላህ አብረውት እንደሚሠሩ ነገሩት። አባቴ ነገሩን ያለቀ አደረገው። በርሜል ፈልጎ ሞተር ገጠመለት፤ ምላጩንም ራሱ ሞርዶ በየደው።

ለመስቀል ወደ ቤት ስሄድ ሚኒባሱ ተራራውን በጉም ውስጥ ወጣ፤ ከወዲያ ስንወርድ ሜዳው በአደይ ቢጫ ሆኖ ጠበቀን። ቤት እንደገባሁ በርሜሉን አንዴ ልሞክረው አልኩ። አባቴ ግን ሽማግሌ ያልመረቀው ሥራ አይነካም ብሎ ከለከለኝ። እኛ ዘንድ እንዲህ ነው፤ ሱቅም ቢሆን ወፍጮም ቢሆን ሳይመረቅ አይጀመርም። አጥብቄ ልከራከረው እችል ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ሽማግሌዎቹ ፊት ማብሪያውን ለመጀመሪያ ጊዜ መጫን አምሮኝ ነበር።

በነጋታው የሰፈሩ ሽማግሌዎች ነጫጭ ጋቢያቸውን ለብሰው መጡ፤ ሐጂ ሸምሱም ንጹሕ ጀለቢያ ለብሰዋል። እናቴ ክትፎና ቆጮውን አዘጋጅታ፣ ከምርቃቱ በኋላ ይበላል ብላ ሸፍናዋለች። ሥራው ታይቶ ሊመረቅ ነውና ሁሉም በርሜሉን ከበው ተቀመጡ። ውሃውን፣ ሳሙናውንና የግራፋይት ዱቄቱን ጨምሬ አፉን በቁራጭ ቆርቆሮ ልሸፍነው ስል አንዱ ሽማግሌ፣ "ታዲያ ምን ልናይ መጣን?" አሉ። ቆርቆሮውን ወደ ጎን አደረግኩት። የጁስ መፍጫው ግን ክዳን ነበረው፤ ዓመቱን ሙሉ በእጄ ስከፍተውና ስዘጋው ነው የከረምኩት።

ሞተሩ ሲነሳ ሽማግሌዎቹ አጨበጨቡ። ወዲያው ግራጫ አረፋ ከበርሜሉ አፍ ብቅ አለ፤ እንደ እርሾ ኩፍ ብሎ ፈሰሰ። ምላጩ አየር እየሳበ ሳሙናውን እንደሚያስነሳው አላሰብኩም። ከዚያ ጥቁሩን ውሃ ይረጨው ጀመር፤ በጋቢው፣ በጀለቢያው፣ በየሰዉ ፊት ላይ። አባቴ ሶኬቱን ሊነቅል ሮጠ፤ አረፋው አዳለጠውና የክት ኮቱን እንደለበሰ በጀርባው ተዘረረ።

አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም ሳቁ። አባቴን ማንሳት ነበረብኝ። እኔ ግን በሩን ከፍቼ ወጣሁ፤ መነኻሪያ ሄጄ ጉብሬ የሚሄድ ሚኒባስ ላይ ተሳፈርኩ። ጎኔ የተቀመጠችው ሴትዮ ጥቁር እጄን አይታ ነጠላዋን ሰበሰበች።

ለፋሲካ እንኳ አልተመለስኩም። ጥናቴን በሌላ ርዕስ ጨረስኩ፤ ወልቂጤ አስተማሪ ሆንኩ። በኋላ ቤተሰቤን እየሄድኩ መጠየቅ ስጀምር ማንም ነገሩን አላነሳብኝም፤ እኔም አፍረውብኝ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ሐጂ ሸምሱም አረፉ።

ባለፈው ሳምንት፣ ያን አረፋ ባየሁበት ማታ፣ ለአባቴ ለማሳቅ ያህል ነገርኩት። አልሳቀም።

"ሽማግሌዎቹ እኮ አልሄዱም" አለኝ። "ሐጂ በዚያ ጀለቢያቸው ቆመው እጃቸውን ዘረጉ፤ ልጁ የታለ አሉ። ስትጠፋ ጊዜ እኔ ተቀብዬልህ አሜን አልኩ።"

"ተመረቀ?"

"ተመረቀ እንጂ። በሳምንቱ እንመለሳለን ብለው፣ ክትፎውን በልተው ሄዱ። ክዳኑን በማግስቱ በየድኩት።"

በርሜሉ እስካሁን ከቤቱ ጓሮ የዝናብ ውሃ ይጠራቀምበታል። ክዳኑን ስንት ጊዜ ከፍቼ ውሃ ቀድቻለሁ። መሃሉ ተቆርጦ መስታወት ገብቶበታል፤ የውሃ በርሜል መስታወት ምን ያደርግለታል ብዬ ጠይቄ አላውቅም። አሁን ጠየቅኩት።

"ሽማግሌዎቹ ማየት ይፈልጋሉ ብዬ ነዋ" አለ አባቴ።

ወጥቼ መስታወቱን በእጅጌዬ ጠረግኩት። እስከዛሬ ያፈርኩት በአረፋው ነበር። በእሱ ግን ያፈረብኝ ሰው አልነበረም፤ ክዳኑ ተበይዶ ይጠብቀኝ ነበር።